ማሞ ወልዴ ገድሏል ወይስ አልገደለም?

ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ተነስቶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ እዚያው በመሆኑ በመንገዱ ዳር ባሉት ሻይ ቤቶች ተማሪው፣ ሹፌሩና ገበሬው አንድ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል። ማራቶን ያለ ዕለት ደግሞ ወንበር አይገኝም። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በአዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ካሸነፈ ወዲህ በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያጠለቁ ኢትዮጵያውያን ወንዶች አራት ደርሰዋል። አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ገዛኸኝ አበራና ታምራት ቶላ። ስሞቹ በተቆጠሩ ቁጥር ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ነገር ይመጣል።

«እሱ እኮ ሰው ገድሎ ታስሮ ነበር ይባላል» ይላል አንዱ ተማሪ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ!» ይላሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ከጥግ። «ማሞ ሰው አይገድልም። ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ፍርድ ቤት ነው ያለው።»

«የዚያን ዘመን ነገር አንተ የት ታውቀዋለህ? ግደል ከተባልክ ትገድላለህ፣ እምቢ ካልክ ትሞታለህ። አለቀ።»

«ታዲያ ገድሏል ማለት ነዋ!»

ሽማግሌው መልስ ሲፈልጉ የሻይ ቤቷ ባለቤት ብርጭቆ እያነሳች ጣልቃ ትገባለች። «እናንተ ስለ ሯጩ ትከራከራላችሁ፤ የሞተውስ ልጅ እናት ምን ትበል?»

ነገሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይባላል። ከዘንዘልማ ውጪም ቢሆን የስፖርት አፍቃሪው ስለ ሻምበል ማሞ ወልዴ የሚከራከረው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ በፍርዱ ይምላል፣ ሌላው በሰውየው ጠባይ ይምላል፣ ሦስተኛው ዘመኑን ይከሳል። ለመሆኑ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ማስረጃ የሚባለው? የሚታወቀውን ከማይታወቀው ለይቶ ማየት ይበጃል።

ሯጩ

ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1932 ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ባለ ገጠር ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ውስጥ ተቀጠረ፤ በኮሪያም ከዘመቱት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ሜልቦርን ላይ በ800፣ በ1,500 ሜትርና በዱላ ቅብብል ሮጧል። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ከሜዳሊያ ወንበር አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ነው።

የእሱ ኦሊምፒክ ሜክሲኮ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የቆላው ሯጭ ሁሉ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 1968 ማሞ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ጋር እስከ መጨረሻው መስመር ተናነቀ። ቴሙ በ29:27.4፣ ማሞ በ29:28.0 ገቡ። በሰከንድ ስድስት አሥረኛ ነው ወርቁ ያመለጠው።

ልክ በሳምንቱ ማራቶን ነበር። አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሲያቋርጥ የአገሪቱ ተስፋ በ36 ዓመቱ ማሞ ላይ ወደቀ። 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ እስኪገባ ድረስ ከሦስት ደቂቃ በላይ አለፈ። ኢትዮጵያም ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶንን ወርቅ ወሰደች።

ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ፣ በ40 ዓመቱ፣ በ2:15:08 ነሐስ አጠለቀ። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነበር። ከማሞ 31 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ አራተኛ የወጣው፣ ማለትም በማሞ ምክንያት ሜዳሊያ ያጣው ሰው፣ ሌላው አሜሪካዊ ኬኒ ሙር ነው። ይህ ስም በኋላ ይመለሳል።

ክሱ

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ «ቀይ ሽብር» ብሎ ባወጀው ዘመቻ ቀበሌው ፖሊስም፣ ዳኛም፣ ገዳይም ሆኖ ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ያድር ነበር። ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ነበሩ። አዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ በጣና ዙሪያም የዚያ ዘመን ነገር ሲነሳ እስከ ዛሬ የጎንደሩ መላኩ ተፈራ ስም አብሮ ይነሳል።

በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በጥይት ተገደለ። ከዓመታት በኋላ በልጁ ግድያ ተሳትፏል ተብሎ የተከሰሰው ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው።

ማሞ ስለዚያ ቀን የሰጠው ቃል የታወቀ ነው። እንደ እሱ አባባል አንድ ከበላዩ ያለ ባለሥልጣን ጠርቶት ወደ አንድ የምሽት ክበብ ሄደ። ልጁ እዚያ ተይዞ ነበር። ባለሥልጣኑ ልጁን ተኩሶ መታው። ከዚያም ማሞን «ተኩስ» ብሎ አዘዘው። ማሞም ተኮሰ፤ ግን ሆን ብሎ ሳተ።

የልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋም ሌላ ነበር፤ ማሞ በግድያው ተካፋይ ነው የሚል። ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ጥፋተኛ ነው አለ።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ወገኖች የማይለያዩባቸው ነጥቦች ብዙ ናቸው። ልጁ ሞቷል። ማሞ ቦታው ላይ ነበር። መሣሪያ ይዞ ነበር። ተኩሷል። ጠቡ ያለው ጥይቱ የት ሄደ፣ በተኮሰው ሰው ልብ ውስጥስ ምን ነበር የሚለው ላይ ብቻ ነው። የዘንዘልማው ሽማግሌ «ማሞ ሰው አይገድልም» ሲሉ ማሞ ራሱ ያመነውን ግማሽ ታሪክ እየዘለሉ ነው። ተማሪውም «ገድሏል ማለት ነዋ!» ሲል ባለሥልጣኑን ከታሪኩ አውጥቶ ጥሎታል።

የዘጠኝ ዓመት ቀጠሮ

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ሥራው ከባድ ነበር። በአጠቃላይ ክስ የተመሠረተባቸው ሰዎች 5,198 ደርሰዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሌሉበት የተከሰሱ ናቸው። የዋናዎቹ የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ እነ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ዓ.ም. ነው። የትልልቆቹ ጉዳይ እንዲህ ከተጓተተ የታችኛው ተራ እስረኛ መቼ ይደርሰዋል?

ማሞ ከተያዘበት ጊዜ ጀምሮ ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ መሐል ብዙ ነገር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በሴቶች ማራቶን ወርቅ ሲያጠልቁ ማሞ እስር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ገዛኸኝ አበራ ከማሞ ወዲህ ለ32 ዓመት የጠፋውን የወንዶች ማራቶን ወርቅ ሲመልስም እስር ቤት ነበር። በየዜናው «ከማሞ ወልዴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ» እየተባለ ባለቤቱ ከግንብ በስተጀርባ ነበር።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለመንግሥት አቤት አለ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ጉዳዩን አነሳ። ከሁሉ በላይ የሮጠለት ግን በሙኒክ ነሐሱን የቀማው ኬኒ ሙር ነው። ሙር ከሩጫ በኋላ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1995 «ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» በተባለው መጽሔት የማሞን ታሪክ ለዓለም አደረሰ። እስከ መጨረሻው አልተወውም። ሙር እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. አርፏል።

ለማሞ ከተጮኸው ጩኸት ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ነበር። አንዱ «ሰውን ያለ ፍርድ ይህን ያህል ዓመት ማሰር ግፍ ነው» የሚል ነው። ይህ ማሞ ጥፋተኛ ቢሆንም ባይሆንም እውነት ነው። ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው ይህን አያደርግም» የሚል ነው። ይኸኛው ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ስፖርት አፍቃሪው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚይዛቸው ነው ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው።

ጠባይ ማስረጃ ይሆናል?

በሕግ ቋንቋ ማስረጃ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ቀጥተኛ ነው፤ «ሲተኩስ አይቻለሁ» የሚል ምስክር። ሌላው የአካባቢ ማስረጃ የሚባለው ነው። ማንም ሲተኩስ ባያይ እንኳ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ መሣሪያው፣ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የነበረው ሁኔታ ተያይዞ ወደ አንድ ሰው ሲያመለክት ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ማስረጃ ደካማ ነው ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ሆኖም ደንብ አለው፤ ሰንሰለቱ ተያይዞ ከጥፋተኝነት በቀር ሌላ ምክንያታዊ ትርጉም የማይሰጥ መሆን አለበት። ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ለተከሳሹ ያደላል።

የሻይ ቤቱ ችሎት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ማስረጃ አለው፤ የሰው ጠባይ። በማሞ ጉዳይ ይኸኛው ነው ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው። እስቲ አንድ በአንድ ይታይ።

«ደርግ ሲወድቅ አልሸሸም» ይባላል። እውነት ነው፤ በርካታ ባለሥልጣናት በየድንበሩ ሲወጡ እሱ አገሩ ላይ ተገኝቷል። ንጹሕ ሰው አይሸሽም የሚለው ግን በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነገር ነው። ያላጠፋ ሰው ፈርቶ ይሸሻል፤ ያጠፋ ሰውም ማንም አያስታውሰኝም ብሎ ይቀመጣል።

«ለምን ያን ሁሉ ዓመት ዝም አለ?» የሚሉም አሉ። ከ1970 እስከ 1983 ዓ.ም. ለማን ይናገር? ለቀበሌው? ለደርግ? በዚያ ዘመን ዝምታ የገዳይም፣ የሟች ቤተሰብም፣ የምስክርም የጋራ ልብስ ነበር። ዝም ያለ ሁሉ ገዳይ ከሆነ አገር ሙሉ ገዳይ ነው።

«ትሑት ሰው ነበር፤ በሩጫው ትዕግሥተኛ ነበር» የሚለውስ? ማራቶን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ 42 ኪሎ ሜትር በትዕግሥት የሮጠ ሰው አለቃው ሽጉጥ ይዞ ሲያዘው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ማነው? ራሱ ሰውየው እንኳ ያ ሰዓት እስኪደርስ አያውቀውም።

ከጠባይ ክርክሮች ሁሉ ሚዛን የሚደፋ አንድ ብቻ አለ። ማሞ የተናገረው ታሪክ ለራሱ የሚያመቸው አይደለም። «እዚያ አልነበርኩም» ማለት ይችል ነበር። «ነበርኩ፣ ግን አልተኮስኩም» ማለትም ይችል ነበር። እሱ ግን «ነበርኩ፣ ታዘዝኩ፣ ተኮስኩ፣ ሳትኩ» ነው ያለው። ሙሉ በሙሉ ለመዋሸት የተነሳ ሰው የሚመርጠው ታሪክ አይደለም። ቢሆንም ሌላኛው ወገን መልስ አለው። ያዩ ሰዎች ባሉበት መካድ የማይቻለውን አምኖ የቀረችውን አንዲት ጥይት ብቻ መካድም የተለመደ መከላከያ ነው ይላል። ይህም እንዲሁ ሁለት ትርጉም ሰጠ።

የፕሪቶሪያው በር

የስፖርቱ ዓለም ይህን መሰል ክርክር ሌላ ቦታም አይቷል። ደቡብ አፍሪካዊው የአካል ጉዳተኞች የሩጫ ኮከብ ኦስካር ፒስቶሪየስ እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2013 ንጋት ላይ ፕሪቶሪያ በሚገኘው ቤቱ በተቆለፈ የመጸዳጃ ክፍል በር ላይ አራት ጥይት ተኩሶ ፍቅረኛውን ሪቫ ስቴንካምፕን ገደለ። ሌባ የገባ መስሎኝ ነው አለ። ከእሱ በቀር ያየ የለም። ዐቃቤ ሕግ የያዘው ጎረቤቶች ሰማን ያሉትን ጩኸት፣ የጥይቱን ቅደም ተከተል፣ የበሩን ቀዳዳና የስልክ መዝገብ ነበር። ባጭሩ የአካባቢ ማስረጃ።

ችሎቱ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ስለነበር ዓለም ሁሉ ዳኛ ሆነ። ፒስቶሪየስ አለቀሰ፤ ስለ ሟቿ አካል ሲነገር አስታወከ። ግማሹ «ይህ የጸጸት እንባ ነው» አለ፣ ግማሹ «ተዋናይ ነው» አለ። ዳኛ ቶኮዚሌ ማሲፓ ግን ስለ እሱ ምስክርነት ያሉት ትምህርት የሚሆን ነው። ጥያቄ የሚሸሽ፣ የማያስተማምን ምስክር ነበር ብለዋል፤ ቀጥለው ግን ጥሩ ምስክር አለመሆኑ ብቻውን ገዳይ አያሰኘውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለው አምስት ዓመት ፈረዱበት።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ወደ ግድያ ለወጠው። እንባውን አልመዘነም። የመዘነው በሩንና ጥይቱን ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ባለ ሰው ላይ አራት ጊዜ የሚተኩስ ሰው፣ ከበሩ ጀርባ ማንም ይኑር ማን፣ ሰው ሊሞት እንደሚችል ያውቃል አለ። ቅጣቱ መጀመሪያ ስድስት ዓመት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 13 ዓመት ከ5 ወር ከፍ አለ። ፒስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በአመክሮ ወጥቷል።

ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም። ፒስቶሪየስን ያዘዘው የለም፤ ከጀርባውም ሽጉጥ የያዘ አለቃ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ። በሁለቱም ዘንድ ሕዝብ በፊት ገጽታና በሜዳሊያ ሲከራከር ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ቦታ ነበር። ፕሪቶሪያ ላይ በሩ ነበር፤ ተቀርጾ፣ ተለክቶ ችሎት ፊት ቀረበ። አዲስ አበባ ላይስ?

ያልቀረበው በር

በቀይ ሽብር ዘመን መንገድ ለመንገድ ለሚጣል ሬሳ ስንት ጥይት፣ ከየት አቅጣጫ፣ ከየትኛው መሣሪያ እንደገባ መርምሮ የሚመዘግብ አልነበረም። ለዋናዎቹ የደርግ ሰዎች ትእዛዝ የተጻፈበት፣ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ተገኝቷል። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ምሽት ክበብ፣ በአንድ ልጅ ላይ ለተፈጸመው ግን የሚቀረው የሰው ትውስታ ነው። ግድያው የተፈጸመው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው በ1994 ዓ.ም.። ሃያ አራት ዓመት!

«ተኮስኩ፣ ሳትኩ» የሚል ሰው እውነቱን መሆኑን የሚያረጋግጠው ወይም ውሸቱን መሆኑን የሚያጋልጠው የጥይቱ ምልክት ነበር። ግድያው ያኔውኑ ቢጣራ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ። ገዳዩ ራሱ መንግሥት በነበረበት ዘመን ግን ማን ያጣራል? ኋላ ደግሞ የማጣራት ዕድል ሲመጣ ተከሳሹን ዘጠኝ ዓመት አስቀምጦ ማቆየት ለማንም አልጠቀመም። የምስክር ትውስታ እንደ ወይን እየቆየ የሚጣፍጥ ነገር አይደለም። መዘግየቱ ማሞን ጎዳ ይባላል። ልክ ነው። የልጁንም ቤተሰብ ግን እኩል ጎድቷል፤ ልጃቸውን ማን እንደገደለው ሕዝብ ሳይከራከርበት የሚቀበለው ፍርድ ሳያገኙ ቀርተዋል።

ስድስት ዓመት ምን ይላል?

በ1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ማሞን ጥፋተኛ ብሎ ስድስት ዓመት እስራት ፈረደበት። ከዚያ በላይ ታስሮ ስለነበር ወዲያው ተለቀቀ።

ይህ ቁጥር በራሱ የሚናገረው አለው። በዘመኑ ይሠራበት በነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከባድ የሰው ግድያ የሚያስቀጣው ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ተራ የሰው ግድያ ደግሞ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ስድስት ዓመት እንግዲህ ከታችኛው ወለል አጠገብ ያለ ቅጣት ነው። ሕጉ «ታዝዤ ነው» ለሚል ሰውም መልስ ነበረው። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ዳኛው ሁኔታውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ትእዛዝ ወንጀሉን አያጥብም፤ ሸክሙን ግን ያቀልላል ማለት ነው።

በመሆኑም ፍርዱ ሁለቱንም የሻይ ቤት ወገኖች አያስደስትም። «ንጹሕ ነው» አላለም፤ በልጁ ሞት እጁ አለበት ብሏል። «ደመኛ ነፍሰ ገዳይ ነው» አለማለቱ ደግሞ ከቅጣቱ ማነስ ይነበባል። በሽማግሌውና በተማሪው መሐል ነው የቆመው። መሐል መቆም ለተከራካሪ አይመችም፤ ለእውነት ግን አንዳንዴ የሚቀርበው እሱ ነው።

አንዳንዱ «ፍርዱ የተሰጠው ዘጠኝ ዓመቱን እስር ትክክል ለማስመሰል ነው» ይላል። መንግሥት ሰውን ይህን ያህል ዓመት አስሮ «ነጻ ነህ» ማለት እንደሚያሳፍረው ግልጽ ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማሞን በጥርጣሬ መፍረድ ግፍ ከሆነ ዳኞቹንም በጥርጣሬ መፍረድ ያው ነው።

ከእስር ከወጣ በኋላ ማሞ ብዙ አልቆየም። የጉበት ካንሰር ነበረበት። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ከተፈታ ወራት ብቻ አልፈው፣ በ69 ዓመቱ አረፈ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ ያገኛት ነጻነት አንድ የማራቶን ሯጭ ለትልቅ ውድድር የሚዘጋጅባትን ጊዜ እንኳ በቅጡ አልሞላችም።

ሁለት መዝገብ

የስፖርት ሰዎች ጀግናቸውን አሳልፈው መስጠት ይከብዳቸዋል። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። የአሜሪካን ፉትቦል ኮከቡ ኦ ጄ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1995 በሁለት ሰዎች ግድያ ተከስሶ ነጻ ሲባል፣ በ1997 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ችሎት ለሞታቸው ተጠያቂ ተብሎ 33.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሲፈረድበት፣ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪሞት ድረስም አልተስማማም። ሜዳሊያና ዋንጫ ያየ ዓይን ሬሳ ማየት ይቸግረዋል።

የማሞን ታሪክ በልኩ ለመናገር ግን አንዱን ለማዳን ሌላውን መፋቅ አያስፈልግም። በአንደኛው መዝገብ ላይ የሜክሲኮ ወርቅና ብር፣ የሙኒክ ነሐስ ተጽፏል፤ ማንም ፍርድ ቤት አይሰርዘውም። በሁለተኛው ላይ በአንድ ልጅ ሞት ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት መፈረዱ ተጽፏል፤ ማንም ሜዳሊያ አይሸፍነውም። የሳተ ጥይት ነው ወይስ የመታ የሚለውን ከእንግዲህ የሚመልስ የለም፤ መልሱን ሊሰጥ ይችል የነበረውን ማስረጃ መጀመሪያ ያ ዘመን አጠፋው፣ ቀጥሎ መዘግየት ጨረሰው።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገና ለሩጫ፣ ለኳስ፣ ለትምህርት የነበሩ ልጆች ናቸው። ሰዓት አልተያዘላቸውም፤ ክብረ ወሰን የላቸውም። ከእነሱ ውስጥ ማን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር የሚያውቅ የለም።

«የሞተውስ ልጅ እናት ምን ትበል?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ነው ከክርክሩ ሁሉ የሚከብደው። ስለ ማሞ የሚሟገት ሰው «ያለ ፍርድ ዘጠኝ ዓመት» ብሎ ሲጀምር ልክ ነው። ያ ልጅ ግን ያለ ፍርድ አንዲት ቀን እንኳ አልተሰጠውም።